የዘለልሻት መስመር

ቅርያት ጋት፣ ማክሰኞ ማታ። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራ፣
አራት ፎቅ ወጣሁ በእግሬ፣ እየተሟገትሁ ከጉልበቴ ጋራ።
ልጄ ያርደና ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣
«እማ ነይ፣ መድን እንምረጥ» አለችኝ፣ ጫማዬን እንኳ ሳልፈታ።

ወታደርነቷን ጨርሳ፣ መለዮዋን ከመለሰች ወር አልሞላት፤
ፔሩ የሚሉት አገር ነው፣ በየት በኩል እንደሆነ እንጃ፣ የጠራት።
ስድስት ወር። ቦርሳው ከቁመቷ ይበልጣል፤
ጓደኞቿ ሁሉ ሄደዋል፣ የእሷ ብቻ እንዴት ይቀራል?

ሦስት ኩባንያ በሦስት ቀለም፤ ሰማያዊው፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው፤
ሁሉም ጥርሱን ያሳያል፣ ሚዛን እንደሚሰርቅ ነጋዴው።
ዕብራይስጥ እሰማለሁ እንጂ አላነብም፤ ከኡልፓን ወዲህ ፊደሉ ጥሎኝ ሄዷል።
እሷ በጣቷ እየተከተለች፣ ግማሹን ባማርኛ፣ ግማሹን በትከሻዋ ታስረዳኛለች።

«ይኼ፣ ሻንጣ ቢጠፋ፣ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ይከፍላል፤
ይኼ ደግሞ ጥርስ ቢያምሽ። ስልክ ከሆነ ለብቻው ይጨመራል።
ይኼኛው... እንዴት ነው የሚባለው... የቆየ በሽታ፤
ቀድሞ ካልተናገርሽ፣ በኋላ የለም ይቅርታ።»

የቆየ በሽታ!
እሷስ የላትም። እኔ ነኝ ያለኝ፤
እኔ ደግሞ የትም አልሄድም።

«በእግር ትሄጃለሽ ወይ? ይላል ብርቱካኑ።
ብዙ ቀን ከሆነ፣ ተራራም ካለበት፣ አደገኛ ስፖርት ነው ስሙ፤ ዋጋው ይጨምራል በቀኑ።»
ሳቅ አመለጠኝ።
«ምን ያስቅሻል?»
ምን ልበላት?
ከአርማጭሆ እስከ ሱዳን፣ ሌሊት ሌሊት፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ስፖርት መሆኑን ማን ነግሮኝ፣ ማንስ ነግሮት ለአባቴ!
የኛ መድን መንገድ መሪው ነበር፤ በአባቴ ፊት ምሎ፣
በሦስተኛው ሌሊት ተሰወረ፣ ብሩን በወገቡ ጠቅልሎ።

ይሁን።
አረንጓዴው በቀን ዐሥራ አንድ ሰቅል ይበልጣል፤
በስድስት ወር አባዛሁት፣ በካሮት ሳጥን መነዘርሁት፤
ከማሸጊያው ቤት የስንት ሌሊት ፈረቃ እንደሚሆን አወቅሁት።
«ሰማያዊው ይበቃኛል እማ፣ እኔ አልታመምም» አለች፣
ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው ያለች።

ከዝርዝሩ ግርጌ ደረሰች።
ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣
አንድ መስመር ዘለለ።

«ያቺን አነበብሻት?»
«የቷን?»
«ጣትሽ የተሻገራትን።»
ዝም። ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።
«እሷ ምንም አይደለችም። ሰው... ሰው ቢሞት፣
አስከሬኑን ወደ አገሩ፣ ወደ ቤተሰቡ ስለ መመለስ ናት።»

እህቴን ትርንጎን ያስተኛንበት ቦታ ምልክቱ ሦስት ድንጋይ ነበር፤
ሦስት ድንጋይ የሌለበት ስፍራ ደግሞ በዚያ ምድር አልነበረም።
እናቴ እስክታልፍ ድረስ፣ እዚሁ ሳሎን ተቀምጣ፣
በጣቷ አየሩ ላይ መንገድ ትስል ነበር፦
ግራሩ ይኸውና፣ ደረቁ ወንዝ ይኸውና፣ ከዚያ ወዲህ...
ከዚያ ወዲህ ጣቷ ይጠፋባት ነበር።

ይኼን አልነገርኋትም። ሻንጣ ለሚያዘጋጅ ሰው አይነገርም።
«ያቺ መስመር የትኛው ውስጥ አለች?» አልኋት።
«ሁሉም ውስጥ። ግን አረንጓዴው ብቻ ነው የትም ብትሆኚ የሚለው፤
ሌሎቹ ከከተማ ከራቅሽ... እዚህ ኮከብ አድርገውበታል።»
«እንግዲያው አረንጓዴውን ያዢ።»
«እማ፣ ውድ ነው!»
«ያዢ ብዬሻለሁ።»

ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣሁና ዐሥራ ስድስቱን ቁጥር
አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ እሷ እየደገመች ጻፈች።
ቁጥር እዚህም ቢሆን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፣
እንደኛው ፊደል።
ጣቷን እያየሁ ነበር። አንዱንም አልዘለለችም።